የጓዳው ጎታ፦ ደምበጫና የክፉ ቀን ቀለብ

የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ደምበጫ አጠገብ መንገዱ ላይ ከነበረው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ሻለቃው ብዙ ሰው ወደቀበት፤ ጠላትም ጥሶ አለፈ። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከእሳቸው ጎን የተሰለፈው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን ከሱዳን በግመል ጭኖ ነበር የመጣው። ግመሎቹ የቆላ እንስሳ ናቸውና የጎጃም ደጋ ብርድና አቀበት ፈጃቸው፤ በሺዎች ከተነሱት ውስጥ እስከ መጨረሻው የደረሱት እጅግ ጥቂት ነበሩ።

የዘመቻውን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ግመሎቹን ቆጥረዋል፣ መትረየሱን ቆጥረዋል፣ የሞተውንም ቆጥረዋል። በዚያ ሰሞን በደምበጫ ዙሪያ ባሉት ቤቶች ጓዳ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን ብዙም አልነገሩንም። ወሩ የካቲት ነበር። እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከአውድማ ገብቷል። ጎታው የሚሞላበት ወር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አርበኛው ከጫካ ወርዶ ሲበላ የኖረው ከዚያ ነው፤ ባንዳውም መጥቶ የሚበረብረው እዚያው ነው። እኔ ስለ ደምበጫ ለመጻፍ ስነሳ ከጦር ሜዳው ይልቅ ይህ ጓዳ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። የጎጃም ባላገር ለክፉ ቀን ያደርግ የነበረውን ዝግጅት ሳጤነው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ጎታው የተሠራው ዝናብ ለሚጠፋበት ዓመት ብቻ አልነበረም። ሊወስድ ለሚመጣ ሰውም ነበር የተሠራው።

መጀመሪያ ጎታውን ራሱን እንየው። ጎታ የሴት እጅ ሥራ ነው። ጭቃው ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ በደንብ እስኪላቆጥ ይረገጣል፤ ከዚያ ዙር በዙር ይነሳል። አንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም። የቸኮለች እንደሆነ ጎታዋ ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል፣ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። እየወጣ ሲሄድ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ይላል። ከሥሩ እጅ የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ትተውለትና በጨርቅ ይወትፏታል፤ በጭቃም ይመርጓታል። የብልሃቱ ቁልፍ ያቺ ቀዳዳ ናት። አዲሱ እህል በላይ ይገባል፣ አሮጌው በታች ይወጣል፤ ስለዚህ የቆየው ሳይበላ አዲሱ አይነካም። ክዳኑ በእበት ሲለሰን አየር አያስገባም፤ የምድጃው ጢስም ሌሊትና ቀን ሲያጥነው ተባይ ይሸሸዋል። ትንሹ ደብኝት ይባላል፤ ለሽምብራው፣ ለአተሩ፣ ለዘሩ እሱ ይበቃል። ጎተራ ሌላ ነው፦ ከደጅ የሚቆም፣ በእንጨት ተማግሮ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሣር የተከደነ። ጎተራ ያለው ሰው መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ጎታ ያለው ግን ቤቱ ካልተገባ አይታወቅበትም።

ምን በየትኛው እንደሚገባና የትኛው ቀድሞ እንደሚበላ የባልትና ዕውቀት ነው። ገብስና በቆሎ ነቀዝ ይቸኩልባቸዋልና ቀድመው ይበላሉ። ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ቦርቡሮ ሊገባበት አይችልም፤ ዓመታት ይቆያል። ዳጉሳ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ በደንብ ደርቆ ከገባ ዐሥር ዓመት ቆይቶ እንኳ ይበላል። ጎጃም ውስጥ ዳጉሳ በጤፍ ፊት ዝቅ ብሎ ቢታይም ለክፉ ቀን ግን ከእሱ የሚሻል እህል አልነበረም። ነቀዝ በሚደፍረው እህል ላይ ጤፍ ወይም ዓመድ መቀላቀል የቆየ ዘዴ ነው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፣ ነቀዙም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል። ሊበላ ሲል በወንፊት ይለያል፤ ጤፉም አይጠፋም። ከእህሉ ጎን በሶው አለ፣ ሽሮው አለ፣ በርበሬው አለ፣ ድርቆሹ አለ፣ ቋንጣው አለ። የዘመቻ ስንቅ የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። የኢትዮጵያ ጦር የራሱ የቀለብ ክፍል ሳይኖረው ዘመናት የዘመተው እያንዳንዱ ወታደር ከቤቱ ሚስቱ ወይም እናቱ ያዘጋጀችለትን ስንቅ ተሸክሞ ስለሚወጣ ነው። ስንቁ ያለቀ ቀን ግን የሚበላው ከሌላው ሰው ጎታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መነሳት አለበት፦ ተሰሪ። ተሰሪ ማለት በባላገር ቤት ተመድቦ የሚያድር ወታደር ነው። ለአንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ ለአንድ ክረምትም ሊሆን ይችላል። ምግቡን፣ መጠጡን፣ የበቅሎውን ገፈራ ባለቤቱ ይችላል። ሕጉ ልክ ያበጅለታል፤ የተራበ ወታደር ግን ጎታውን ሲያይ ልኩን አያስታውስም። ከዘመነ መሳፍንት ጀምሮ በጎጃም የተፈራረቁት ገዢዎች ጦር ይዘው ከዓባይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ፣ አጼ ቴዎድሮስ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ላይ ሲዘምቱ፣ በየመንገዱ ያለው ባላገር ለዚህ ሁሉ ሰው ቀላቢ ነበር። ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዳሞትና ወደ ቡሬ በሚያልፈው መንገድ ላይ ናት። መንገድ ዳር መኖር ገበያ ያመጣል፤ ጦርም ያመጣል። ጎታ ከደጅ ርቆ፣ ብርሃን ከማይደርስበት የጓዳ ጥግ የሚቀመጠው ለጢሱ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ይህ ዝግጅት ምን ያህል እንደሚችልና የት ላይ እንደሚሰበር ያሳየው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከረሃቡ በፊት ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሣር ውኃ ላይ በደርቡሽ ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በማግስቱ ዓመት ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተመካክረዋል ተብሎ አጼ ዮሐንስ በጎጃም ላይ ዘመቱ። በ1881 ዓ.ም. መባቻና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ያ ታላቅ ጦር ጎጃምን እየበላና እያቃጠለ ተመላለሰ። ተክለ ሃይማኖት አምባ ላይ ተመሽገው ቆዩና በመጨረሻ ታረቁ። የአምባው ታሪክ የመኳንንት ታሪክ ነው፤ አምባ የሌለው ባላገር ግን ያለው ጎታው ብቻ ነበር። ዮሐንስ ራሳቸው ይህ ጥፋት በእሳቸው ኃጢአት ይሁን በባላገሩ ኃጢአት እንደሆነ አላውቅም ማለታቸው በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም ወጥተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። የዚያን ዘመን የጎጃም ታሪክ ለማወቅ የምንመለከተው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ሠዓሊና ጸሐፊ የነበሩትን የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ሥራ ነው። የውጭ አገር ተጓዦች ጽሑፍ በብዛት በሰሜኑና በሸዋ ላይ ሲያተኩር እሳቸው ከጎጃም መካከል ሆነው ጽፈውልናል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

ሌላው መቅሠፍት በባሕር መጣ። በ1880 ዓ.ም. ግድም ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ለጦራቸው ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ገባ። ስሙ ደስታ መባሉ ለሰሚ እንግዳ ነው፤ በሽታው ግን ከገባበት በረት ጥቂት ከብት ብቻ አትርፎ የሚሄድ ነበር። በትግራይ አልፎ፣ በጎንደር አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ነካ። ከብቱ ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በዚያው ላይ ዝናቡ ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተከታተለ። ሕዝቡ ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1950ዎቹ ማብቂያ ማስረጃውን አሰባስቦ ከጻፈ ወዲህ ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አልቋል የሚለው ግምት በየመጽሐፉ ይደገማል። ቆጠራ በሌለበት ዘመን የተነገረ ነውና ቁጥሩን እኔ እንደ ግምት ነው የምይዘው። ክብደቱን ግን አልጠራጠርም።

ጎታ ለዚህ አልተሠራም ነበር። ልብ ብለን እናስበው። ደህና ምርት ያገባ ቤት አንድ ክፉ ዓመት ይሻገራል፤ ዳጉሳ ያለው ሁለት ዓመት ሊሻገር ይችላል። አሮጌው በታች እየወጣ አዲሱ በላይ እየገባ የሚኖረው ግን በየዓመቱ የሚገባ አዲስ ካለ ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ ዝናቡ ቢመለስም ማረስ አልቻለም። ማሳው አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ዘሩም ምናልባት በደብኝት ውስጥ አለ፤ የሚጎትተው የለም። በዶማ የሚቆፈር መሬት በጥንድ በሬ ከሚታረሰው ጋር አይወዳደርም። ይህን የተረዱት ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ፤ ሕዝቡ በሬ አጥቶ ሲራብ የበሬ ሥጋ አልበላም ማለታቸውም ይነገራል። ጎተራቸውን ከፍተው ማብላታቸው በሰፊው ተጽፏል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የዶማው ነገር ነው። ጎተራ መክፈት የተለመደ የንጉሥ ወግ ነው። ዶማ ማንሳት ግን የጎደለው በሬው መሆኑን የገባው ሰው ሥራ ነው። በጎጃም ደግሞ ጎታው ገና ከበሽታው በፊት በዘማች ተራቁቶ ነበር። ድርቁ ሲመጣ ባዶ ጎታ ላይ መጣ፤ በሽታው ሲመጣ ባዶ ጎታ የሚሞላበትን በሬ ወሰደ። ሦስቱ በተራራቁ ዓመታት ቢመጡ ኖሮ ብዙ ቤት ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የከብት ደስታ ከምድር ላይ ጠፍቷል ተብሎ በዓለም ደረጃ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። የሰው ልጅ ፈጽሞ ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው እሱ ነው።

ከክፉ ቀን የተረፉት ሁለት ነገር ይዘው ወጡ። አንዱ ድንች ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ያስገባው ድንች ለሠላሳ ዓመት ያህል እምብዛም ሳይስፋፋ ቆይቶ፣ በሰፊው መዘራት የጀመረው ከዚያ ረሃብ በኋላ ነው። ዛሬ የጎጃም ደጋ የድንች አገር ነው። ገበሬው የደረሰውን ድንች ሳይቆፍር ከነአፈሩ ያቆየዋል፤ ሲያስፈልግ ለዕለቱ የሚሆነውን ብቻ ያወጣል። ጎታ አይፈልግም፤ ማሳው ራሱ ጎታ ነው። እሳት የጎተራ ክዳን ያቃጥላል፣ ወታደር የጎታ ሆድ ይሰብራል፤ ለቸኮለ ጦር ግን ድንች እየቆፈሩ መሰብሰብ ከባድ ነው።

ሁለተኛው አሥራት ነው። በ1885 ዓ.ም. ግድም ምኒልክ ወታደሩ በባላገር ቤት እየተሰራ መብላቱን ትቶ በምትኩ ባላገሩ ከእህሉ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ ደነገጉ። ስለዚህ ዘመን ግብርና መስፈሪያ ብዙ ነገር ያቆዩልን ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ናቸው፤ ዝክረ ነገር በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። ጎጃም እስከ ተክለ ሃይማኖት ሞት ድረስ በራሷ ንጉሥ ሥር ስለነበረች አዋጁ እዚያ በአንድ ቀን ነገሩን ለወጠው ማለት አይቻልም። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር፤ ወታደሩን ከጓዳ አወጣው። በዚያውም ሌላ ሰው አመጣ፦ አውድማ ላይ ቆሞ ምርቱን የሚገምተውን። ከዚህ በኋላ በሚመጣው ታሪክ ሁሉ ባላገሩን የሚያስጨንቀው ያ ገማች ነው።

በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ያለዚህ መረዳት ይቸግራል። አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲጥል፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ለደኻው የሚያደላ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ተነሳ፤ ከሞጣ እስከ ዳሞት ዐመፁ ተቀጣጠለ። የርስቱ መለካት፣ የቀላድ ፍርሃት፣ የጠቅላይ ገዢው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አገዛዝ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። ገብሩ ታረቀ ይህን ዐመፅ በሰፊው አጥንቶታል፤ በርስቱ ጉዳይ ላይ ያለው ትንታኔ ጠንካራ ነው። እኔ ከዚያ ጎን የማስቀምጠው ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ግብር የሚሠራው ገማቾች የእያንዳንዱን ቤት ምርት በየዓመቱ ሲገምቱ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ጎታውን ጓዳ ውስጥ ሲሰውር ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ዐመፁን መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር መታው፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ከሥልጣን ተነሱ፣ የዘመናት ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ከሁሉም ከባዱ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ቀጥሎም በየገበሬ ማኅበሩ የእህል ኮታ ተደለደለ። ጎጃምና አርሲ የትርፍ አምራች አገር ተብለው የተመደቡ ስለነበሩ ኮታው የከበደው በእነሱ ላይ ነው። ዋጋው በመንግሥት የተቆረጠና ከገበያው እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ የግል ነጋዴው እጁ ታሰረ። የኮታው ክፋት ምርቱ ቢቀንስም ኮታው አለመቀነሱ ነው። ዘንድሮ ያላገኘ ገበሬ በሬውን ወይም በጉን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ፣ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ይህን ደግመን እናንብበው፦ በትርፍ አምራችነቱ የተመሰገነ ገበሬ መንግሥት የሚፈልግበትን እህል ለመስጠት እህል ይሸምት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ የጎጃም እህል ለተራበው ወገን ቢደርስ ማንም አይቆጭም ነበር። የኮታው እህል ግን በአብዛኛው የሚሄደው ለከተማውና ለጦሩ ነው። ተሰሪው ከጓዳ ከወጣ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ሲል በደረሰኝ ተመልሶ ገባ።

ያን ጊዜ ጎታው እንደገና የምስጢር ቦታ ሆነ። ደጅ የቆመ ጎተራ ማስረጃ ነው፤ ጓዳ ያለው ጎታ ግን ካልተፈተሸ አይታይም። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጁ ጊዜ ኮታው ቀረ። የእህል ገበያው ጥቂት ሳይቆይ ሕይወት ዘራ፤ ይህም በየጓዳው ምን ያህል እህል ተሰውሮ እንደነበረ የሚመሰክር ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው የበቆሎ ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ፓኬጅ ሲስፋፋ የምዕራብ ጎጃም ማሳ ከጤፍና ከዳጉሳ ወደ በቆሎ አዘነበለ። ምርቱ ጨመረ፤ ይህ የማይካድ ነው። የሚቆየው እህል በማይቆይ እህል መተካቱን ግን ማን አሰበበት? ዲቃላው በቆሎ ለነቀዝ ከነባሩ ይልቅ የተመቸ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ፍሬው ቀፎ ሆኖ ዱቄት ይራገፍበታል። ስለዚህ ገበሬው ምርት እንደገባ፣ ዋጋው ሲወድቅ፣ ለመሸጥ ይገደዳል። ደምበጫ ስሟ የሚታወቅበት አረቄም እህል ማቆያ መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ አረቄ ነቀዝ አይነካውም። ግን አይበላም። በ1993 እና 1994 ዓ.ም. ምርቱ ሲትረፈረፍ የበቆሎ ዋጋ ወጪውን እንኳ ከማይመልስበት ደረጃ ወረደ፤ ሰብሉን ሳይሰበስብ የተወ ገበሬም ነበር። በማግስቱ ዓመት ድርቅ መጣ፤ በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በጥጋቡ ዓመት የተጣለው በቆሎ ለረሃቡ ዓመት አልቆየም። በዳጉሳ ዘመን ይህ ባልሆነ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም እከራከራለሁ።

ለነቀዙ መፍትሔ የሆነ አንድ ነገር ከሩቅ መጥቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ በካሜሩን ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ የሠሩት ከረጢት ነው። ሁለት ላስቲክ በውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ በውጭ። ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ብልሃቱ ከጎታው ብልሃት የራቀ አይደለም፤ በእበት የሚለሰነውም አየር እንዳይገባ ነው። ልዩነቱ ከረጢቱ አንዴ ከታሰረ በየቀኑ የማይከፈት መሆኑ ነው። ጎታዋ ግን ከሥሯ ቀዳዳ አላት፤ ባለቤቷ ውታፉን ነቅላ ለዕለት የሚበቃትን በሰፌድ ትቀበልና መልሳ ትወትፋታለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ሲሆን፣ በጎጃምም መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ገበያው ሲቋረጥ፣ ማዳበሪያውም በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ በደምበጫ አካባቢ ያለ ቤተሰብ ማታ ማታ የሚያሰላው ስሌት አያቱ ያሰላው ነው፦ እስከ መስከረም ስንት አፍ፣ ስንት ቁና፤ የዘሩ ተለይቶ ስንት ይቀራል፤ ሰው ቢመጣስ የቱ ይታያል፣ የቱ አይታይም።